ጋዜጠኛ ሲደውልላችሁ፦ ከሰብል ጥበቃ ባለሙያ ጋር ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖች። ሥራዬ ሰብል ጥበቃ ነው፤ ተምች፣ አንበጣ፣ ደገዛ (ሰብል የሚበላ ክንፈ አጭር ፌንጣ)። ጋዜጠኞች ይደውሉልኛል። እንዴት የሚታመን ምንጭ መሆን ይቻላል ብላችሁ ነበርና ጠይቁ።

የሐይቁ፦ ጋሼ፣ ሚዲያ ላይ እንዴት ታዋቂ መሆን ይቻላል?

መልስ፦ እኔ እንጃ። ሌላ ሰው ጠይቅ።

ከመርሳ፦ ጋዜጠኛ የሚያምነው ምን ዓይነት ባለሙያ ነው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! ስልክ የሚያነሳ፣ ያላየውን የማያወራ። ገበሬው «ጤፌን አንበጣ ጨረሰው» ይላል፤ ጋዜጠኛው ይደውልልሃል። ቶሎ አትመልስ። ፎቶ አስልክ። ክንፉ አጭር ከሆነ ደገዛ ሊሆን ይችላል፤ ደገዛ መብረር አይችልም። የበረሃ አንበጣ ግን በ2012 እንዳየነው ነው፤ ነፋስ ካገዘው በቀን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እንደሚለው፣ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሸፈነ መንጋ በቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ያህል ይበላል። ልብ በል፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ ተናግሬያለሁ። አንተም እንደዚያው አድርግ።

ደግሞ ጥማድ! ገበሬው በጥማድ ይነግርሃል፣ ዜናው በሄክታር ይወጣል። አራት ጥማድ በግምት አንድ ሄክታር ነው። 400 ጥማድ 400 ሄክታር ተብሎ ከወጣ ጉዳቱ አራት እጥፍ አበጠ። ቁጥር በስልክ አትናገሩ፤ ጽፋችሁ ላኩ።

ከወልዲያ፦ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። መናገር እችላለሁ?

መልስ፦ የመሥሪያ ቤትህን ኮሙኒኬሽን ጠይቅ።

ከደሴ፦ ስሜ እንዳይጠቀስ ብፈልግስ?

መልስ፦ ከመናገርህ በፊት ተስማማ። ከተናገርክ በኋላ ልመና ነው።

ከቆቦ፦ ኧረ ተዉን! እኛን ማን ይሰማናል? የ66ቱን ረሃብ እንኳ ለዓለም ያሳየው እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው።

ከደሴ፦ ከሱ በፊት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ፎቶ አንስተው አሳይተዋል እኮ።

ከቆቦ፦ ታዲያ ማን ሰማቸው?

ከደሴ፦ አልተሰሙም ማለት አልተናገሩም ማለት ነው?

መልስ፦ አብሽሩ! ክርክሩን ሌላ ቀን። መምህራኑ ግን ፎቶ ይዘው ነው የተናገሩት፤ ለዛሬው የሚጠቅመን እሱ ነው።

የሐይቁ፦ ስለ በልግ ዝናብ ቢጠይቁኝስ?

መልስ፦ ሥራህ ምንድን ነው?

የሐይቁ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ።

መልስ፦ እንግዲያው ስለ ከብቱ ተናገር። ለዝናቡ የሜትሮሎጂ ሰው ስልክ ስጠው። ውለታህን አይረሳም፤ ከብት ሲታመም የሚደውለው ላንተ ነው። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው አንድ ቀን ይሳሳታል፣ ከዚያ ወዲያ በሙያውም አይጠየቅም።

ከመርሳ፦ ጋሼ፣ ጥማዱን ወደ ሄክታር የምንቀይረው እኛ ነን ወይስ ጋዜጠኛው?

መልስ፦ አሁን ምን ስል ቆየሁ? እናንተ! የጥማድ ስፋት ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ጋዜጠኛው በምን ያውቃል?

ከወልዲያ፦ ለጋዜጠኛው የትራንስፖርት መስጠት ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ቡና ጋብዘው።

ከደሴ፦ ዘገባው ሳይወጣ ላንብበው ማለትስ?

መልስ፦ ሙሉውን አይሰጡህም። «የኔን ንግግርና ቁጥሮቹን አንብብልኝ» በለው፤ ይሄን ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ስህተቱን ከወጣ በኋላ ካየኸው ያኔውኑ ደውልለት። ፌስቡክ ላይ ወጥተህ አትሳደብ።

የሐይቁ፦ ጋሼ፣ ታዋቂ ለመሆን ግን...

መልስ፦ ሌላ ጥያቄ ያለው?