ሸክላ በጣት ሲነካ

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የፈጀሁት በሸክላ ማጫወቻ፣ በቴፕና በራዲዮ ጥገና ነው። ደንበኛ ሁሉ ከእኔ የሚሰማው ምክር አንድ ነበር፤ ሸክላውን በጠርዙ ያዙት፣ ገጹን በጣት አትንኩት። ስለዚህ ሸክላውን በመዳፉ ወደ ኋላ እየጎተተ «ሙዚቃ እየሠራሁ ነው» የሚል ዲጄ መጀመሪያ ያየሁ ቀን ተናደድኩ። ያሳዘነችኝ መርፌዋ ነበረች።

እናንተ «ዲጄ አርቲስት ነው፣ አይደለም» ስትባባሉ ያ ንዴቴ ትዝ ይለኛል። አንዱ «የሰው ዘፈን ነው የሚያጫውተው» ይላል፤ ሌላው «አዲስ ነገር ስለሆነ አልገባህም» ብሎ አፉን ያስይዘዋል። ሁለቱም ቁጭ ብሎ ከማዳመጥ ማምለጫ ናቸው።

እኔን ያበረደኝ ሙያዬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣውን ቴክኒክስ 1200 የተባለ ሸክላ ማጫወቻ ፈትቼ አይቼዋለሁ። ሞተሩ ሳህኑን የሚያዞረው በቺንጋ ሳይሆን በቀጥታ ነው። ባለ ቺንጋውን በእጅ ብትይዙት ቺንጋው ይንሸራተታል፤ ስትለቁትም ፍጥነቱን እስኪያገኝ ይንገዳገዳል። ይህኛው ግን ከሸክላው ሥር ስስ ጨርቅ ከተነጠፈለት፣ ሸክላው በጣት ቆሞ ሳህኑ ከታች መዞሩን ይቀጥላል። መሐንዲሶቹ ያሰቡት በሳሎኑ ተቀምጦ ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር። የኒውዮርክ ብሮንክስ ልጆች ሌላ ነገር አገኙበት። ስክራች የሚባለውን፣ ሸክላውን በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማመላለስ፣ እዚያው በ1970ዎቹ እንደጀመረው የሚነገርለት ግራንድ ዊዛርድ ቴዎዶር ያኔ ገና ልጅ ነበር።

አንድ እጅ ሸክላውን ፈጠን ሲያደርገው ድምፁ ይቀጥናል፣ ሲያዘገየው ይወፍራል። ሌላው እጅ ድምፅ በሚያደባልቀው መሣሪያ፣ በሚክሰሩ፣ ላይ ያለችውን ተንሸራታች ቁልፍ እየከፈተና እየዘጋ ድምፁን ይቆራርጠዋል። አንዲት ቃል ብቻ ከተቀዳችበት ሸክላ ዜማ የሚወጣው እንዲህ ነው። መሲንቆም እኮ አንድ የጭራ ክር ነው። ግራ እጅ ድምፁን ይፈልጋል፣ ቀኝ እጅ ይገዘግዛል። አዝማሪውን ደግሞ «ትዝታንም ሆነ ባቲን አንተ አልፈጠርካቸውም» ብሎ የወቀሰው ሰው አላውቅም።

ከጭፈራው ቤት ርቀው የሄዱትማ የባሱ ናቸው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ኬጅ በ1939 ሲያትል ውስጥ ፍጥነታቸው የሚለዋወጥ ሁለት ማጫወቻዎችን ከፒያኖና ከሲምባል ጋር አሰልፏል። በሸክላዎቹ ላይ የነበረው ዘፈን አይደለም፤ እኛ ጠጋኞች መሣሪያ የምንፈትሽበት ዓይነት ወጥ ድምፅ ነው። በሸክላ የሚሠራው አርቲስት ክርስቲያን ማርክሌይ በ1985 ያለ ሽፋን የሚሸጥ ሸክላ አወጣ። ከሱቅ ሱቅ፣ ከቤት ቤት ሲዞር የሚጠጣው አቧራና የሚያተርፈው ጭረት የሙዚቃው ክፍል እንዲሆን ነው። ይህን ስሰማ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዕድሜ ልኬን ከሸክላ ላይ ስጠርገው የኖርኩት ያ ድምፅ፣ ያ መንጫጫት፣ ለካ የሚያዳምጠው ሰው ነበረው! እንግሊዛዊው ሙዚቀኛ ፊሊፕ ጄክ ደግሞ በ1993 አንድ መቶ ሰማንያ አሮጌ ማጫወቻዎችን በአንድ ትርኢት ደርድሯል። ሥራውን ከማድነቄ በፊት ያሰብኩት ግን ያን ሁሉ ሞተር የሚጠግነውን ምስኪን ነው።

ይህን ስላችሁ የሚያንጫጫ ሁሉ ይጨብጨብለት ማለቴ አይደለም። «ሙከራ ነው» የሚለው ቃል ስንፍናን ሲሸፍን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ መርፌ እያስጮኸ የትኛውን ድምፅ ለምን እንደመረጠ የማያውቅ ሰው አጋጥሞኝ አዳራሹን ጥዬ ወጥቻለሁ። አርቲስት አይደለም ብዬ አይደለም። መጥፎ አርቲስት ስለነበር ነው። እናንተም መጥፎ ነው የማለት መብት አላችሁ፤ ግን መጀመሪያ እጆቹን እዩ። የሰውየው እጅ ቢቀየር የሚለወጥ ነገር አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

በቅርቡ አንድ የሰፈር ልጅ ማጫወቻውን አስጠግኖ ሲጨርስ እዚያው ሱቄ ውስጥ ተጫወተልኝና «ጋሼ፣ እንግዲህ ይህ ጥበብ ነው አይደለም?» አለኝ።

«ቀኝ እጅህ ጥሩ ነው፤ ግራህ ይዘገያል» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ለክርክር ተዘጋጅቶ ነበር መሰለኝ። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና መርፌዋን አንሥቶ መጀመሪያው ላይ መለሳት።

«የቱ ጋ?» አለኝ።