ብሶት ነው ያጻፋት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከ600 ዓመት በፊት ፈረንሳይ ውስጥ ለሴቶች ተከራክራ ስለጻፈችው ስለ ክሪስቲን ደ ፒዛን ለጓደኛዬ ሳወራው «ባሏ ሞቶባት፣ ተቸግራ፣ በብሶት የጻፈችው ነው፤ እንደ ቁም ነገር አይቆጠርም» አለኝ። መልስ አጣሁለት። እውነት ብሶት ብቻ ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። መቸገሯን ግን አንካድ፣ ክፉኛ ተቸግራለች።

ክሪስቲን በ1364 ቬኒስ ተወለደች። አባቷ የፈረንሳዩ ንጉሥ የቻርልስ 5ኛ ኮከብ ቆጣሪ ስለነበር ያደገችው ፓሪስ ነው። በ15 ዓመቷ ኤትየን ዱ ካስቴል የሚባል የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አገባች፤ ተዋደው ኖሩ። ኤትየን ከቀጣዩ ንጉሥ ከቻርልስ 6ኛ ጋር ለሥራ እንደወጣ በበሽታ ሲሞት እሷ ገና 25 ዓመቷ ነበር። 3 ልጆች፣ እናቷና አንዲት የዘመድ ልጅ በእሷ እጅ ቀሩ።

ባሏ ከማን ምን እንደሚፈልግ፣ ለማን ምን እንደሚከፍል አታውቅም። የዚያ ዘመን ባሎች የገንዘብ ጉዳያቸውን ለሚስቶቻቸው ሙሉ በሙሉ አይነግሩም ነበር፤ ከዚህ ስንት ጣጣ እንደሚመጣ በኋላ ራሷ ጽፋዋለች። እሷም ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሰች፣ አንድ ሰሞን እንዲያውም በ4 ፍርድ ቤት በአንዴ ትሟገት ነበር። በክረምቱ ብርድ ደጅ ስትጠና ወንዶቹ ያፈጡባታል፣ ያላግጡባታል። ቤቱ መደህየቱን ሰው እንዳያውቅባት ብላ በፀጉር የተገጠገጠውን የደህና ቀን ካባዋን ትደርባለች፤ ከሥሩ ግን በብርድ ትንቀጠቀጣለች።

ታዲያ ይሄ ሁሉ ምን አጻፋት? ወንዶችን መርገም ቢሆን ኖሮ ጓደኛሽ ልክ በሆነ። ግን ባሏን እስከ መጨረሻው በፍቅር ነው የምታነሳው። በ1405 በጻፈችው «የሴቶች ከተማ» ውስጥ የምትለው ሴት ልጆችን እንደ ወንዶቹ ትምህርት ቤት መላክ ልማድ ቢሆን ኖሮ እኩል ይማሩ ነበር ነው። ቀጥሎ በጻፈችው መጽሐፍ ደግሞ ሚስት የቤቷን ገቢና ወጪ ትወቅ ትላለች። ባሏ የሞተባትን ሴት፣ መስማማት ከተቻለ ክስ ይቅርብሽ፣ ካልተቻለ ግን ጥሩ የሕግ ሰው አማክሪ፣ ሳትታክቺ ተከታተዪ፣ ገንዘብም ያዢ ብላ ትመክራለች። እንዲህ ያለውን ምክር ፍርድ ቤት ያልተንከራተተ ሰው ከየት ያመጣዋል? እኔ ይሄን እውቀት እንጂ ብሶት አልለውም።

ሁሉን ተቀበዪ ማለቴ አይደለም። ክፉ ባል ያላትን ሴት ቻዪ ማለቷ እኔን ዛሬም ያናድደኛል።

ለጓደኛሽ ግን ይሄን ንገሪው። «የሴቶች ከተማ» የሚጀምረው ክሪስቲን ማቲዮሉስ የሚባል ሰው ሴቶችን የሰደበበትን መጽሐፍ ገልጣ ስታዝን ነው። ይህ ሰው የቤተ ክህነት ሰው ነበር፤ ባሏ የሞተባትን ሴት በማግባቱ ማዕረጉን ተገፈፈ፣ ከዚያ በትዳርና በሴት ላይ ምሬቱን ሁሉ አወረደ። የእሱ ብሶት ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ እንደ ቁም ነገር ይነበብ ነበር። የእሷ ለምን አይቆጠርም?

«የሴቶች ከተማ»ን ማንበብ ከፈለግሽ ስለ አባቷና ስለ እናቷ ከምታወራበት ቦታ ጀምሪ። አባቷ መማሯን ይወዱ ነበር፤ ፈትል ትፍተል ብለው ከትምህርቱ ያስቀሯት እናቷ ናቸው።