ፓይለት መሆን ለምትፈልጉ የጅማ ልጆች

ሰፈር ቡና ስንጠጣ ልጆች ከበው ይጠይቁኛል። «ጋሼ፣ ሞተሩ አየር ላይ ቢጠፋስ?» ነው ሁሌ። ስለ ነፋስ የሚጠይቀኝ የለም። እኔን ግን በሥራ ዘመኔ ሁሉ ያለፋኝ እሱ ነው።

ግልገል ጊቤን በዋና የተሻገረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቀጥታ ወደ ማዶ ከዋኛችሁ ውሃው ቁልቁል ይወስዳችኋል። ስለዚህ ፊታችሁን ትንሽ ወደ ውሃው መምጫ ታዞራላችሁ። አውሮፕላንም እንደዚያው ናት። ነፋስ ከጎን ሲመታት አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ፣ ገደድ ብላ ነው ወደ መንደርደሪያው የምትመጣው። መሬት ልትነካ ስትል በእግር ፔዳል እናቀናታለን፤ በነፋሱ በኩል ያለውን ክንፍ ትንሽ ዝቅ እናደርጋለን። በዚያ በኩል ያለው ጎማ ቀድሞ ዱብ ይላል። ተሳፋሪው «ምን ዓይነት ፓይለት ነው!» ይላል። ይበል።

የምናርፈው ፊታችንን ለነፋስ ሰጥተን ነው። አየሩን በ100 ኖት (ኖት የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ ነው) የምትቀዝፍ አውሮፕላን 10 ኖት ነፋስ ከፊት ሲመጣባት መሬት የምትነካው በ90 ነው። ያው ነፋስ ከኋላ ከገፋት በ110። 20 ኖት ምን አላት አትበሉ፤ ለመቆም የሚያስፈልጋት ርቀት በግማሽ ያህል ይረዝማል። ጅማ ደግሞ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 110 ይጠጋል። ጥቂት ደቂቃ ለማትረፍ ብሎ ነፋስን ከኋላ አድርጎ ማረፍ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያያችሁትን ተናገሩ። እኔ ረዳት አብራሪ ሳለሁ አልተናገርኩም።

የክረምት ከሰዓት ነበር። መንደርደሪያው ፊታችን ወለል ብሎ ይታያል። ከጎኑ ጥቁር ደመና ተደፍቷል። ድንገት አየሩን የምንቀዝፍበት ፍጥነት ጨመረ። ደስ የሚል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ከነጎድጓድ ደመና ሥር አየር ቁልቁል ወርዶ መሬት ሲመታ በየአቅጣጫው ይበተናል። መጀመሪያ ከፊት ይመጣባችኋል። ቀጥሎ ወደ ታች ይጫናችኋል። ከዚያ ከኋላ ይሆንና ፍጥነታችሁን ይቀማችኋል። ይህን ተምሬዋለሁ። ግን ካፒቴኑ አንጋፋ ነው፤ ይሉኝታ አፌን ያዘው።

እሱ ራሱ «ጎ አራውንድ!» (ማረፉን ትተን እንመለስ ወደ ላይ) ብሎ ለሞተሮቹ ሙሉ ኃይል ሰጠ። ወጣን። ዝናቡ እስኪያልፍ ዞርን፣ ዞርን።

ካረፍን በኋላ ሞተሮቹን አጥፍቶ «አይተኸው ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩ።

«ታዲያ?» አለና ቦርሳውን አንስቶ ወረደ።