ታላቋ ልጄ ለምን ከሰው ትሸሻለች?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የአምዱ አዘጋጆች፣ ነዋሪነቴ ሐዋሳ ሲሆን የ17 እና የ15 ዓመት ሴት ልጆች አሉኝ። ታናሽቱ ተጫውታ አትጠግብም፤ ቅዳሜ ከጓደኞቿ ጋር ፍቅር ሐይቅ ካልወረደች ቀኑ የዋለ አይመስላትም። ታላቋ ግን ጎረቤት ለቡና ሲሰበሰብ አቦሉን ቀድታ ሁሉንም በአግባቡ ካስተናገደች በኋላ፣ ቶናው ሳይደርስ ክፍሏ ገብታ መጽሐፏን ትይዛለች። ዘመድ «ኮርታለች» ይላል፤ እኔም የደበቀችኝ ችግር ይኖር ይሆን እያልኩ እሰጋለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ እኅታችን፣ እንደ ጻፉልን ከሆነ ልጅዎ ኩሩም በሽተኛም አትመስለንም። የስዊዘርላንዱ የሥነ አእምሮ ሐኪም ካርል ዩንግ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው ሥራው፣ ቀልቡ ወደ ውስጡ የሚያዘነብለውን ሰው ኢንትሮቨርት፣ ወደ ውጭ የሚያዘነብለውን ደግሞ ኤክስትሮቨርት ብሎታል። ከእሱ በኋላ የሥነ ልቦና ምሁሩ ሃንስ አይዘንክ፣ የጭምት ሰው አንጎል በተፈጥሮው ከፍ ባለ ንቃት ላይ ስለሚገኝ ግርግር ቶሎ ይበዛበታል፣ ተጫዋቹ ግን ለመነቃቃት ሰውና ጨዋታ ይሻል የሚል ማብራሪያ አቀረበ። ማብራሪያው በሁሉም ጥናት ባይደገፍም፣ አንዷ በአቦል የሚበቃት ሌላዋ እስከ በረካ የምትሞቅበትን ምክንያት ለመረዳት ይጠቅማል። በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም በዚህ ባሕርይ ሰዎች ከሚለያዩበት ግማሽ ያህሉ ከዘር ውርስ ጋር እንደሚያያዝ ስለሚያሳዩ፣ በአስተዳደግዎ ራስዎን አይውቀሱ። ደግሞም አብዛኛው ሰው በሁለቱ መካከል የሚገኝ እንጂ ፍጹም አንዱን የሆነ አይደለም።

ጭምትነትን ከዓይን አፋርነት መለየት ግን የግድ ነው። ጭምቷ ብቻዋን መሆኗን ወድዳ ትመርጠዋለች፤ ዓይን አፋሯ ጨዋታው እያማራት «ምን ይሉኛል» በሚል ፍርሃት ትቀራለች። ልጅዎ እንግዳ አስተናግዳ መግባቷ፣ መጽሐፏንም ይዛ መረጋጋቷ ወደ መጀመሪያው ያደላል። መልሱን እያወቀች ክፍል ውስጥ እጇን ለማውጣት የምትሸበር፣ ወይም ሰው ይመጣል ሲባል እንቅልፍ የምታጣ ከሆነ ግን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ቡና ጥሎ መነሣት በእኛ ዘንድ እንደ ንቀት ስለሚቆጠር፣ ዘመድ የሚሰጣት ስም ያለ አግባብ ይከብዳታል ብለን እናምናለን። ስለዚህ «ልጄ የምታርፈው ስታነብ ነው» ብለው እርስዎ ቀድመው ይንገሩላት፤ በእንግዳ ፊት «ምነው ዝም አልሽ» አይበሏት። የሚያሰጋዎትን ነገርም ታናሽቱ በሌለችበት፣ ለብቻዋ ሆና ይጠይቋት፤ ጭምት ሰው ብዙ ጊዜ ልቡን የሚከፍተው ከአንድ ሰው ጋር ሲሆን ነውና፣ መልሷ ቢዘገይም ይታገሷት።