ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ጦስኝ፣ ሳልና የግፊት ኪኒን

ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ለደም ግፊቴ ኢናላፕሪል መውሰድ ከጀመርኩ ሁለት ወሬ ነው። ሰሞኑን ደረቅ ሳል ይዞኝ በቀን አምስት ስኒ ጦስኝ እያፈላሁ ብጠጣም አልለቀቀኝም። ጎረቤቶቼ «ጦስኝ ግፊትም ያወርዳል፤ ኪኒኑን ተይው» ይሉኛል። ልተወው ዶክተር?

መልስ፦ ኪኒኑን በራስዎ አያቋርጡ፤ ግፊትዎ ሳይታወቅዎት ሊወጣ ይችላል። ነገር ግን ሳሉን ያመጣው ራሱ ኪኒኑ ሊሆን ይችላል። ኢናላፕሪል በአንዳንዶች ላይ፣ በሴቶች ደግሞ ይበልጥ፣ ጉሮሮ የሚኮረኩር አክታ አልባ ሳል ያስከትላል። ብራዲካይኒን የተባለው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ እንዲከማች ስለሚያደርግ የአየር ቧንቧው በቀላሉ ይቆጣል። ይህን ሳል ጦስኝም ማርም አያቆመውም። ያዘዘልዎት ሐኪም መድኃኒቱን ሲቀይርልዎት ይለቅዎታል፤ ያም ቢሆን ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ይፈጃል። ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራም ይጠይቁ። ከንፈርዎ፣ ምላስዎ ወይም ፊትዎ ካበጠ ግን ሌላ ኪኒን ሳይውጡ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጦስኝን ላጣጥል አይደለም። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉ ዘይቶች በጉንፋን ጊዜ ጉሮሮን ያስታግሳሉ። ችግሩ አፈላሉ ላይ ነው፤ ጀበናው ክፍት ሆኖ ሲንተከተክ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ይበናል፣ ቤቱን የሚያውደው መዓዛ ከስኒው የጠፋው ነው። ውሃውን አፍልተው ካወረዱ በኋላ ለአንድ ብርጭቆ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ ቅጠል ጨምረው ይክደኑት፤ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ቆይተው ያጥሉት። በቀን ሁለት ብርጭቆ ይበቃል። ሻይ ላይ ጨው የመጨመር ልማድ ካለዎት ለግፊትዎ ሲሉ ይተዉት።

ግፊትን ስለማውረዱ፦ በአይጦች ላይ በተደረጉ ጥናቶች ሽንት እንደሚያበዛ ታይቷል፤ በሰው ላይ ኪኒን ይተካል የሚያሰኝ ማስረጃ ግን የለም። የሚያሸና መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጦስኝ ሲያበዛ ከተቀመጠበት ሲነሳ ካዞረው ጦስኙን ይቀንስ። ነፍሰ ጡሮች ወጥ ውስጥ ቢገባ አያሳስባቸውም፤ ወፍራሙን ፍል ግን ይተዉት። የተጨመቀ ዘይቱን ማንም አይጠጣ።

ለእርስዎ ከሻይ ይልቅ የምመርጠው ወጥ ውስጥ ነው። ጥላ ላይ አድርቀው (ፀሐይ መዓዛውን ይወስዳል፣ እርጥቡን ከከደኑት ይሻግታል)፣ እንጨት እንጨቱን ለቅመው አውጥተው ይውቀጡት፤ ሽሮው ሊወጣ ሲል ቆንጠር አድርገው ይነስንሱበት። መዓዛው ወጡን ስለሚያጣፍጠው ጨዉን ቀስ በቀስ መቀነስ አይከብድም፤ የጨው መቀነስ ደግሞ ግፊትን በእርግጥ ያወርዳል።

ቀጠሮዎ እስኪደርስ ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ፣ 5 ደቂቃ አርፈው ግፊትዎን ይለኩና ቁጥሩን ጽፈው ከኪኒኑ ፓኬት ጋር ይዘው ይሂዱ።