ግብር የከበደው ሰው፣ በጎጃምና በካሊፎርኒያ

ልጆቼ፣

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ቡና እየጠጣን የእህቴ ልጅ ስልኩን አሳየኝ። የአሜሪካ የምርጫ ካርታ ነው። ካሊፎርኒያ ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ ተቀብታለች። «ጋሼ፣ ይቺማ የዴሞክራቶች ናት፣ በቃ» አለኝ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ።

31 ዓመት የግብር ሠራተኛ ነበርኩ። ሒሳብ የሚመረምር ሰው ድምሩን ብቻ አይቶ አይዘጋም፤ ዝርዝሩን ይገልጣል። ካሊፎርኒያ ወደ 39 ሚሊዮን ሰው ይኖርባታል። በዘር ብትቆጥሩት ከግማሽ የሚያልፍ አንድም ወገን የለባትም። እ.ኤ.አ. በ2020 ባይደን እዚያ በሰፊ ልዩነት አሸነፉ። በዚያው ምርጫ ግን ከ6 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ለሪፐብሊካኑ ለትራምፕ ድምፅ ሰጥቷል። ትራምፕ ባሸነፉባት በቴክሳስ እንኳ ያን ያህል ድምፅ አላገኙም። እነዚህ ሰዎች ደግሞ በካሊፎርኒያ መሀል ያለው የእርሻ ሸለቆ ነዋሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ሎስ አንጀለስ ካውንቲ ውስጥ ናቸው። ካርታው አያሳያቸውም።

ዝንባሌም ይለወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1988 ካሊፎርኒያ ከ1964ቱ በቀር ሁሌም ለፕሬዚዳንትነት ሪፐብሊካን ስትመርጥ ኖራለች። ከ1992 ወዲህ ደግሞ አንድም ጊዜ አልመረጠችም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ግብር ነው።

በ1960 ዓ.ም. የ8 ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ቢቸና። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አባቴና ጎረቤቶቹ አዋጁን አላዩትም፤ ቀርቦ ያስረዳቸውም የለም። የሰሙት አንድ ነገር ነው፦ መሬት ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊቀላድ ነው። እምቢ አሉ። እምቢታቸውን የሚቀበላቸው ግን አልነበረም። ፓርላማ ነበር፤ ፓርቲ አልነበረም። ሽማግሌ ተላከ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ምንሽሩ ከተሰቀለበት ወረደ። ጦር መጣ፣ አውሮፕላን ቦምብ ጣለ። እናታችን እኛን ይዛ ዋሻ ውስጥ ያደረችበትን ሌሊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ከሥልጣን ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ገበሬው የጠየቀውን አብዛኛውን አገኘ ማለት ነው። የአባቴ ታናሽ ወንድም ግን ይህን ሳይሰማ ሞተ።

አሁን ወደ ካሊፎርኒያ ልውሰዳችሁ። ከ10 ዓመት በኋላ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 29 ቀን 1970። የቤት ዋጋ ንሮ፣ የቤት ግብሩም አብሮ ንሮ ነበር። ጡረተኛው ቤቴን ልለቅ ነው ብሎ ተጨነቀ። ሃዋርድ ጃርቪስና ፖል ጋን የተባሉ ሁለት ሰዎች ፊርማ አሰባሰቡ። የግዛቷ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1911 ጀምሮ ይህን ይፈቅዳል፤ በቂ ፊርማ ያመጣ ሰው የሕግ ሐሳቡን በቀጥታ ለሕዝብ ድምፅ ያቀርባል። ለመራጩም መጽሔት ይላክለታል። የደጋፊው ክርክር አለበት፣ የተቃዋሚውም አለበት። እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ይሄ መጽሔት ነው።

አገረ ገዥው ጄሪ ብራውን ሐሳቡን ተቃወሙ። ሕዝቡ ግን 65 ከመቶ ገደማ ሆኖ አጸደቀው። ፕሮፖዚሽን 13 ይሉታል። ግብሩ ከቤቱ ግምት 1 ከመቶ እንዳይበልጥ ተደረገ። ብራውንም ያልወደዱትን ሕግ ራሳቸው ሥራ ላይ አዋሉት። ከአምስት ወር በኋላ ሕዝቡ መልሶ እሳቸውን መረጠ።

ውሳኔው ጥሩ ነበር እያልኳችሁ አይደለም። እንደ ግብር ሠራተኛ ስመዝነው ጉድለት አለበት። ቤቱ እስካልተሸጠ ድረስ ግምቱ በዓመት ከ2 ከመቶ በላይ አይጨምርም። ስለዚህ ከ30 ዓመት በፊት የገዛው ሰው፣ ያንኑ የመሰለ ቤት ዘንድሮ ከገዛው ወጣት ጎረቤቱ እጅግ ያነሰ ይከፍላል። ትምህርት ቤቶችም ከአካባቢያቸው የሚያገኙት ገንዘብ ቀነሰባቸው። ሕዝብም ይሳሳታል። ግን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 ለትላልቅ የንግድ ንብረቶች ሕጉን ለመቀየር ሐሳብ ቀርቦ በጥቂት ልዩነት ወደቀ። ነገ ደግሞ ሌላ ሰው ፊርማ ይዞ ይመጣል።

ልጆቼ፣ ዛሬ ጎጃም ያለችበትን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። «ያ ወረዳ የእንትና ነው» ስትሉ ዝርዝሩን ግለጡ። ልምራችሁ የሚል ሰው ሲመጣም፣ ማንም ይሁን ማን፣ መጀመሪያ ይህን ጠይቁት፦ ካልተስማማሁህ እምቢታዬን የት ነው የማስመዘግበው?

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ዝም ብሎ ቆየና «አያቴ ያ መጽሔት ደርሷቸው ቢሆንስ?» አለኝ።

አባቴ ፊደል አልቆጠረም። ግን የቆሎ ተማሪ ከደጃችን አይጠፋም ነበር። ቁራሹን ተቀብሎ፣ ጥላው ሥር ተቀምጦ፣ የሁለቱንም ወገን ክርክር ባነበበለት። አባቴን አውቀዋለሁ፤ ያኔም እምቢ ይል ነበር። አጎቴ ግን በማግስቱ እኔን አንገቱ ላይ አድርጎ ወንዙን ባሻገረኝ ነበር፣ ወደ ትምህርት ቤት።