«ደሙ ተመርምሮ ምንም አልተገኘም» ሲባል

ጥያቄ፦ የምጽፍልዎ ከደንበጫ ነው። ታናሽ ወንድሜ ሠርግ ላይ ከማን እንደተገዛ በውል ያልታወቀ አረቄ ጠጥቶ በማግሥቱ ደኅና ዋለ፤ ሲመሽ ግን ሆዱን ቆረጠው፣ አስመለሰው፣ ዓይኑም ጭጋግ ለበሰበት። በአንድ ጤና ተቋም ደሙ ታይቶ ወባም ስኳርም የለበትም ተባልንና ወደ ቤት ተመለስን። ሌሊት ትንፋሹ ሲፈጥን ሆስፒታል አደረስነው፤ እዚያ ደሙ አሲድ እንደበዛበት ተነግሮን፣ ታክሞ ሕይወቱ ተረፈች፤ ዓይኑ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም። የመጀመሪያው ምርመራ መርዙን ለምን አላገኘውም? እኛ በጌሾና በብቅል የምናወጣው አረቄስ እንዲህ ያደርጋል?

መልስ፦ እኅታችን፣ በወንድምዎ ላይ ስለደረሰው ከልብ አዝናለሁ። የመጀመሪያው ላቦራቶሪ ስለ ወባና ስለ ስኳር ተጠይቆ የመለሰው ስለ ወባና ስለ ስኳር ነው። ከነገሩን ምልክቶች የሚጠረጠረው ሜታኖል የተባለው መርዛማ የአልኮል ዓይነት ሲሆን፣ ይህ በተለመደው የደም ምርመራ አይታይም። በቀጥታ የሚለካው ጋዝ ክሮማቶግራፊ በሚባል መሣሪያ ነው፤ ይህን መሣሪያ በበለጸጉ አገሮች እንኳ ሁሉም ሆስፒታል አያገኘውም። ስለዚህ ሐኪሞች ሁለት ስሌቶችን ይጠቀማሉ።

የመጀመሪያው በደም ውስጥ የሟሙትን ነገሮች ጠቅላላ ብዛት ይመለከታል። ሶዲየም 140፣ ስኳር 90፣ የዩሪያ ናይትሮጅን 14 ከሆነ፣ ሶዲየሙን በ2 አባዝተን፣ ስኳሩን ለ18፣ ዩሪያውን ለ2.8 አካፍለን ስንደምር 290 ይሆናል። ይህንኑ ጠቅላላ ብዛት በቀጥታ የሚለካው መሣሪያ ግን 325 ካነበበ፣ ያልቈጠርነው 35 የሚያህል ነገር ደሙ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ከ10 በላይ ሲሆን ያጠራጥራል። አስቸጋሪው፣ ተራው የመጠጥ አልኮል ኢታኖልም ይህንኑ ክፍተት ማስፋቱ ነው። አረቄ የጠጣ ሰው ኢታኖሉ ተለክቶ ካልተቀነሰለት ቁጥሩ ያሳስታል።

ሁለተኛው የአሲዱን ዱካ ይከተላል። ከሶዲየም ላይ ክሎራይድና አሲድን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት ይቀነሳሉ፤ ሶዲየም 140፣ ክሎራይድ 104፣ ባይካርቦኔት 8 ቢሆን ቀሪው 28 ነው፤ ይህ ሁለተኛው ክፍተት በጤናማ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 12 አካባቢ ስለሆነ፣ 28 መድረሱ ያልተቈጠረ አሲድ ደሙ ውስጥ እንዳለ ይጠቁማል።

የሁለቱ ክፍተቶች ሰዓት ይለያያል፤ የወንድምዎ ታሪክም የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ዓይንን የሚጎዳው በዋናነት ሜታኖሉ ራሱ ሳይሆን ጉበት ከእርሱ የሚሠራው ፎርሚክ አሲድ ነው፤ ሕመሙም አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ይገለጣል። ኢታኖል አብሮ ከተጠጣ ጉበት ኢታኖሉን ስለሚያስቀድም ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል። ቀድሞ የመጣ ሕመምተኛ ሜታኖሉ ገና ወደ አሲድ ስላልተለወጠ የመጀመሪያው ክፍተት ይሰፋበታል፣ ሁለተኛው ደኅና ይመስላል፤ ዘግይቶ የመጣው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ታይቶ «ነጻ ነው» ማለት ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ለሐኪሙም ምን እንደተጠጣና በስንት ሰዓት እንደተጠጣ ሳይፈሩና ሳያፍሩ መንገር ከመሣሪያ የማይተናነስ እርዳታ ነው። ጥርጣሬው የጠነከረ እንደሆነ ሐኪሙ ውጤት እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ማርከሻውን፣ ባይካርቦኔቱን፣ ሲያስፈልግም የደም እጥበቱን ይጀምራል። ኢታኖል በሆስፒታል ለማርከሻነት ቢያገለግልም፣ በቤት ውስጥ አረቄ ደግሞ ማጠጣት ሕክምና አይደለም።

የቤት አረቄን በተመለከተ፣ ከእህል ጥንስስ የሚገኘው ሜታኖል በጣም አነስተኛ ነው። ብዙ ሰው የሚያልቀው በአብዛኛው ለኢንዱስትሪ የተዘጋጀ ሜታኖል መጠጥ ውስጥ ሲገባ ነው፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በኢስቶኒያ ፓርኑ አካባቢ 68 ሰዎች የሞቱት እንዲህ ነበር። ቀምሶም ሆነ በክብሪት ለኩሶ መለየት አይቻልም፤ ሜታኖልም እንደ ኢታኖል ይነድዳል።

ወንድምዎን የዓይን ሐኪም ዘንድ ያቅርቡት። ከዚያ አረቄ የተረፈ ካለ አይድፉት፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ያስረክቡ፣ በሠርጉ ላይ አብረው የጠጡትንም ሰዎች ያሳውቁ።